ሶምሶማ በጀመርኩ በአምስተኛው ደቂቃ ትንፋሼ ያጥራል፤ ልቤ ነው ወይስ ዕድሜዬ?

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በተማሪነቴ መረብ ኳስ እጫወት ነበር፤ ልጆች ከወለድኩ ወዲህ ግን ሃያ ዓመት ገደማ ምንም ዓይነት ስፖርት አልሠራሁም፣ ሥራዬም ወንበር ላይ ነው። በኅዳር በሚደረገው የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ለመሳተፍ ስላሰብኩ ከአንድ ወር በፊት ጠዋት ጠዋት ሶምሶማ ጀመርኩ። ከቤቴ ወጥቼ ዳገቱን ስይዝ አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ትንፋሼ ያጥራል፣ ልቤ በኃይል ይመታል፣ እግሬ ይዝላል። ቆሜ ጥቂት ሳርፍ ይተወኛል፤ በማግሥቱ ግን ቀኑን ሙሉ ድካም ይጫጫነኛል። ደረቴን አያመኝም፤ የደም ግፊቴም ባለፈው ዓመት ተለክቶ ደህና ነው ተብያለሁ። የወር አበባዬ ከሁለት ዓመት ወዲህ በዝቶ ይመጣል። ባለቤቴ «ዕድሜ ነው፣ ይቅርብሽ» ይለኛል። የልብ ሕመም ይሆን? ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ምላሽ፦ የገለጹት የትንፋሽ ማጠር፣ ማለትም ከባድ ጥረት ሲጀመር የሚመጣ፣ በዕረፍት ቶሎ የሚለቅና የደረት ሕመም የሌለው ዓይነት፣ በአብዛኛው ለዓመታት ያልሠራ ሰውነት ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ዕድሜም ድርሻ አለው፤ ድርሻው ግን ባለቤትዎ እንደሚገምቱት ያህል አይደለም። በእኔ አስተያየት ዋናው ጥፋተኛ የሩጫዎ ፍጥነትና ገና ከደጃፍ የሚጀምረው ዳገት ነው። ይሁን እንጂ ከጥያቄዎ መካከል እንደ ዋዛ ያነሡት አንድ ነገር፣ የወር አበባዎ መብዛት፣ ከሩጫው አስቀድሞ መልስ የሚሻ ነው፤ እርሱን ሳላጣራ «ይቀጥሉ» ማለት አልችልም።

በመጀመሪያ በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ምን እንደሚከናወን እንመልከት። መሮጥ በጀመሩባት ቅጽበት የእግር ጡንቻዎችዎ የሚፈልጉት ኃይል በአንድ ጊዜ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ልብና ሳንባ፣ እንዲሁም ጡንቻው ራሱ ኦክስጅን የሚጠቀምበት ሥርዓት ግን ወደዚያ ደረጃ የሚደርሱት ቀስ በቀስ ነው። ሥልጠና ባለው ወጣት ይህ ክፍተት በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል፤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ በኖረ የመካከለኛ ዕድሜ ሰው ደግሞ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል፤ ጥረቱ ከአቅም በላይ ከሆነም ጭራሽ ሳይዘጋ ሰውዬው ይቆማል። በዚህ መሐል ጡንቻው የጎደለውን ኃይል የሚያሟላው ኦክስጅን በማይጠይቀው መንገድ ስኳርን በመሰባበር ነው፤ ከዚህ ሂደት ጋር የሚጠራቀመው አሲድ በደም ውስጥ ሲገታ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንጎል ውስጥ ያለው የአተነፋፈስ መቆጣጠሪያ ለካርቦን ዳይኦክሳይድና ለአሲድ እጅግ ንቁ ስለሆነ ያንን ለማስወገድ ትንፋሽን ያፋጥናል፤ እርስዎም «አየር አጠረኝ» ይላሉ። በዚያች ሰዓት ግን ሳንባው ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብዙውን ጊዜ እምብዛም አልቀነሰም። በኮሮና ወቅት የተገዛ የጣት ኦክስጅን መለኪያ እቤትዎ ካለ ይህንን ሊያዩበት ይችላሉ፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ጤነኛ ነዋሪ ንባብ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጥቂት ዝቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ ቁጥሩ 100 ባለመሆኑ አይደንግጡ።

ለምን እንደ ድሮው አልሆነም ለሚለው፣ ሃያ ዓመት መቀመጥ የሚወስደውን ነገር መለየት ይጠቅማል። በመጀመሪያ የሚቀንሰው የደም ፈሳሹ ክፍል፣ ፕላዝማ፣ ነው፤ እንቅስቃሴ ከተቋረጠ በጥቂት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ይጎድላል፤ ሲጎድል ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚያንስ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ ለመምታት ይገደዳል። ቀጥሎ በጡንቻ ውስጥ ኦክስጅንን ወደ ኃይል የሚለውጡት ማይቶኮንድሪያዎች ያንሳሉ፤ የጡንቻው መጠንም በዝግታ ይቀንሳል። ዕድሜ በራሱ የሚወስደው በዋነኛነት የልብን ከፍተኛ የምት መጠን ነው። ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ውጤቱን ከ208 መቀነስ ነው፤ በዚህ መሠረት በ20 ዓመትዎ 194 የነበረው ጣሪያ ዛሬ 176 ገደማ ነው፤ ከሰው ሰው ግን አሥርና ከዚያም በላይ ምት ልዩነት ስለሚኖር እንደ ሕግ አይያዝ። ከ194 ወደ 176 መውረዱ እውነተኛ ቅናሽ ቢሆንም አምስት ደቂቃ ሮጦ ለመቆም የሚያበቃ አይደለም።

የመቀመጥና የማርጀት ጉዳት ምን ያህል እንደሚለያይ በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲቆዩ ተደርጎ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ተለካ፤ ከ30 ዓመታት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች በ50 ዓመታቸው እንደገና ተመረመሩ። በወጣትነታቸው ሦስት ሳምንት መተኛታቸው ከአቅማቸው የወሰደው፣ ሠላሳ ዓመት ማርጀታቸው ከወሰደው ይበልጥ ነበር። ከዚያም ለስድስት ወራት በእርምጃ፣ በሶምሶማና በብስክሌት ቀስ በቀስ ሲሠለጥኑ በሠላሳ ዓመቱ ያጡትን አቅም መልሰው አገኙ። ተመርማሪዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ በእርስዎ ላይ መገልበጥ አይገባም። «ዕድሜ ነው፣ ይቅርብሽ» ለሚለው ምክር ግን ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከፍታውም መታሰብ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በመሐል ከተማው የአየሩ ግፊት፣ ስለዚህም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን፣ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚህ የኖረ ሰው በዕረፍትና በቀላል ሥራ ጊዜ ይህ አይታወቀውም፤ ወደ አቅሙ ጣሪያ ሲጠጋ ግን ይሰማዋል። ከስልክ ላይ የሚወርዱት የሩጫ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የተዘጋጁት በዝቅተኛ ቦታ ለሚሮጡ ሰዎች ነው፤ «በዚህ ሳምንት በዚህ ፍጥነት» የሚለውን ትእዛዝ አዲስ አበባ ላይ፣ ያውም በዳገት፣ ልፈጽም ያለ ጀማሪ ራሱን ለውድቀት ያዘጋጃል። ለእረፍት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድዎ አብሮዎት ቢሮጥና በመጀመሪያው ሳምንት ከእርስዎ ቀድሞ ቢያለከልክ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ወር አበባው ልመለስ፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአርባዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት «ደከመኝ፣ ትንፋሼ አጠረ» ስትል ቶሎ ወደ ዕድሜ፣ ወደ ክብደት ወይም ወደ ጭንቀት የሚወስዷት ብዙዎች ናቸው፤ ደሟን የሚለካላት ግን ጥቂት ነው። ማረጥ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ዓመታት ሆርሞኖች ስለሚዋዥቁ፣ ወይም በማሕፀን ውስጥ ማዮማ የሚባለው ዕጢ ስለሚኖር፣ የሚፈስሰው ደም ሊበዛ ይችላል። በደሙ አብሮ የሚወጣው ብረት በምግብ ከሚገባው ሲበልጥ መጀመሪያ የሰውነት ክምችት ይራቆታል፤ ከዚያ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ይወርዳል። ሄሞግሎቢን ገና ሳይወርድ እንኳ የክምችቱ ማለቅ ብቻውን ድካምና ለሥራ አቅም ማጣት ሊያመጣ ይችላል፤ ብረት በጡንቻ ውስጥ ኃይል ለማምረትም ያስፈልጋልና። ፓዱን በየአንድ ሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ መቀየር፣ የረጋ ደም መውጣት፣ ከሰባት ቀን በላይ መቆየት፣ ሌሊት ለመቀየር መነሣት የመብዛት ምልክቶች ናቸው፤ አፈር ወይም በረዶ ማማርም የብረት እጥረት የታወቀ ምልክት ነው።

ስለዚህ ሙሉ የደም ምርመራና ፌሪቲን የሚባለውን የብረት ክምችት መለኪያ ያሠሩ። ፌሪቲን በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ይችላል፤ ሄሞግሎቢን ግን ቀላልና በብዙ ቦታ የሚሠራ ምርመራ ነው። ውጤቱን ሲቀበሉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰን ተደርጎ የሚወሰደው 12 ግራም በዴሲ ሊትር በባሕር ጠለል ደረጃ ላለ ሰው የተቀመጠ ሲሆን፣ በከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች ወሰኑ ከፍ እንዲል የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 12.3 ተጽፎ «ኖርማል» ቢባሉ፣ ከሚፈስሰው ደም ጋር ተያይዞ እንዲታይልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ፌሪቲንም ቢሆን በሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ሲኖር ከፍ ብሎ እጥረቱን ሊሸፍን ይችላል፤ ከ15 በታች ከሆነ ግን ብረትዎ ማለቁ አያጠራጥርም።

«እኔ እንጀራ እበላለሁ፣ ጤፍ ደግሞ ብረት አለው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ይገጥመኛል። ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን ከሚለካው ብረት ከፊሉ በውቂያ ጊዜ ከአውድማው አፈር የሚቀላቀል ነው፤ በራሱ በእህሉ ውስጥ ያለውንም ፊታት የሚባለው ንጥረ ነገር አንጀት በደንብ እንዳይወስደው ይይዘዋል። እርሾ ጥሎ ማቡካቱ ይህንን መያዣ በከፊል ያላላዋል፤ ከምሳ ላይ ወዲያው የሚጠጣው ሻይና ቡና ግን የብረቱን መግባት መልሶ ይቀንሰዋል። ቡናውን ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ፣ ከሽሮውና ከምስሩ ጋር ቲማቲም ወይም ሎሚ መጨመር፣ በፍስክ ቀናት ቀይ ሥጋ መመገብ ይረዳል። እጥረቱ ከተረጋገጠ ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም፤ የብረት ክኒን ለወራት መውሰድና የደሙን መብዛት ምክንያት በማሕፀን ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ሳይመረመሩ ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይጀምሩ፤ የምርመራውን ውጤት ያደናግራል፤ የሚፈስሰው ደም ምንጭም ሳይታይ ይቀራል።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ ልጥቀስ። በአገራችን በልጅነት ከሚደጋገም የቶንሲል ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ ቫልቭ ጉዳት፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ በሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታይ ሲሆን የቫልቩ መጥበብ መጀመሪያ የሚገለጸው ልክ እርስዎ እንዳሉት በሥራ ጊዜ በሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ነው። በእርግዝና ወቅት የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር የጠበበ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ያኔ ራሱን ይገልጣል፤ ልጆችዎን ያለ ትንፋሽ ችግር ወልደው ከሆነ ይህ የሚያረጋጋ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ያለፈው ስለሆነ ማረጋገጫ አይሆንም። ሐኪሙ በጆሮ ማዳመጫው ልብዎን ሰምቶ የተለየ ድምፅ ካገኘ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ያዝልዎታል። ሩጫውን ካቆሙ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የሚብስ ሳልና ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለ አስምን ያስቡ፤ የጠዋት ብርድና የመኪና ጭስ ይቀሰቅሱታል። ለብዙ ዓመታት በማገዶና በከሰል ጭስ ውስጥ ያበሰለች ሴት ሲጋራ ሳታጨስ ሳንባዋ ሊጎዳ ይችላል፤ ድሮ ሳንባ ነቀርሳ የታከመም ሰው ጠባሳው ሊያስቸግረው ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዛባትም እንዲሁ፤ አንገት ላይ እንቅርት ካለ ይመርመር። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ልቡ እንደልብ ስለማይፈጥንለት ሲሮጥ ቶሎ ይዝላል፤ መድኃኒቱን ግን በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም። የደም ግፊትዎን በድጋሚ ይለኩት፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ረጅም ነው። ስኳርም በዚያው ይታይ።

ልምምዱን ወዲያው አቁመው ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብዎ፦ በጥረት ጊዜ ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ስሜት ሲመጣ፤ ራስን ሲያስት ወይም ሊያስት ሲቃረብ፤ ልብ ያለ ሥርዓት ሲመታ፤ በሜዳ ላይ በተለመደ እርምጃ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሌሊትም አፍኖ ሲቀሰቅስ፤ ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ፤ ደም የቀላቀለ አክታ ሲታይ። አንድ ባት ብቻ አብጦና አሞ በድንገት ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። በሴቶች የልብ ሕመም ያለ ደረት ሕመም፣ በድካምና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣ ስለሚችል ሌላም መመዘኛ ልስጥዎት፤ በየሳምንቱ እየቀለለ የሚሄድ ትንፋሽ ማጠር የልምምድ ነው፤ ከወር በፊት ያለ ችግር ይወጡት የነበረው ደረጃ ዛሬ የሚያስቆምዎ ከሆነ ግን ሩጫን ከመጀመርዎ ጋር የማይያያዝ ምርመራ የሚሻ ነገር አለ።

ደሙ ተመርምሮ ደህና ከሆነ፣ ወይም ሕክምናው ተጀምሮ ሐኪምዎ ከፈቀዱ፣ እንዴት እንደሚቀጥሉ ልንገርዎ። የእርስዎ ትልቁ ስሕተት የመረብ ኳስ ተጫዋቿን ፍጥነት መፈለግዎ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ አእምሮ ያንን ፍጥነት ያስታውሳል፣ ጡንቻው ግን ረስቶታል። ዳገቱን ለጊዜው ይተውት፤ ታክሲ ይዘውም ቢሆን ሜዳ ቦታ ይሂዱ፣ ወይም ዳገቱን በእርምጃ ይውጡት። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ከዝግታ ወደ ፈጣን እርምጃ እያሳደጉ ሰውነትዎን ያሟሙቁ፤ ከላይ የገለጽኩት የኦክስጅን ክፍተት የሚጠበበው በዚህ ነው፤ ይህንን ብቻ በማድረጋቸው ችግሩ በግማሽ የቀለለላቸው ታካሚዎች አሉኝ። ከዚያ አንድ ደቂቃ እጅግ የዘገየ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሥሩ። ፍጥነቱን የሚወስነው አፍዎ ነው፤ አጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ፈጥነዋል። የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ካለዎት እስከ 130 ገደማ መቆየት ይበቃል፤ ነገር ግን በሰዓቱና በአፍዎ መካከል ልዩነት ቢፈጠር አፍዎን ይመኑ። ሶምሶማው ከፈጣን እርምጃ የማይፈጥን መስሎ ቢያሳፍርዎ ያፍሩ እንጂ አይፍጠኑ።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እያረፉ፣ ይበቃል። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ የሚጫጫንዎ ድካም ያለፈው ቀን መጠን እንደበዛ የሚነግር ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ጊዜውንም ፍጥነቱንም ይቀንሱ። ሌሊት በላብ እየነቁ እንቅልፍ የሚያጡ ከሆነም፣ በእርስዎ ዕድሜ የተለመደ ነውና፣ ያልተኛ ሰው ከሩጫ አያገግምም፤ እንዲህ ባለው ቀን እርምጃ ብቻ ያድርጉ። በሁለቱ የዕረፍት ቀናት ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ተነሥቶ መቀመጥን፣ ደረጃ ላይ ወጥቶ መውረድንና ግድግዳ ተደግፎ መግፋትን ጥቂት ጥቂት ይሥሩ፤ በዕድሜ የሚሳሳውን ጡንቻ የሚያቆየው ይህ ነው። ለውጡ በየደረጃው ይመጣል፦ የደሙ ፈሳሽ በአንድ ሁለት ሳምንት ስለሚያገግም የልብ ድለቃው አስቀድሞ ይረግባል፤ የጡንቻው ውስጣዊ ለውጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ ጅማትና መገጣጠሚያ ደግሞ ከሁሉም የዘገዩ ናቸው። ብዙ ተመላሾች የሚጎዱት በሁለተኛው ወር፣ ትንፋሻቸው ሲስተካከል «አሁንስ ቻልኩ» ብለው ርቀቱን በአንድ ጊዜ ሲያሳድጉ ነው፤ ትንፋሹ ይፈቅዳል፣ ጉልበቱና ተረከዙ ግን አልደረሱም።

የሚጾሙ ከሆነ የልምምዱን ሰዓት ይለውጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች ጠዋት ሲሮጡ ላብ ያወጡትን ፈሳሽ ሳይተኩ ሰዓታት ያሳልፋሉ፤ የደሙ ፈሳሽ ሲያንስ ልብ ይፈጥናል፣ ራስም ያዞራል። ከጾሙ መፈሰኪያ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ መሥራት ይሻላል። በክረምቱ ጭቃና ዝናብ ሜዳው አልመች ሲል የመሥሪያ ቤትዎን ደረጃ በዝግታ መውጣትና መውረድ ልምምዱ እንዳይቋረጥ ያደርጋል፤ እዚህም ቢሆን የመናገሩ ሕግ አይለወጥም።

የኅዳሩን ሩጫ በተመለከተ፣ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከፊት ለሚወዳደሩት አትሌቶች ውድድር ነው፤ ከኋላ ለሚመጣው ሕዝብ ግን በእርምጃም፣ በጭፈራም የሚጠናቀቅ ጎዳና ነው። የብረት እጥረት ተገኝቶብዎ ሕክምናው ገና ከሆነ ዘንድሮ በእርምጃ ይግቡ። እጥረት ከሌለና እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ አርባ ደቂቃ እየተነጋገሩ በሶምሶማ መቆየት ከቻሉ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትሩን ዳገቱን በእርምጃ፣ ሜዳውን በሶምሶማ እያደረጉ ይጨርሱታል። የደም ምርመራውን ግን በዚህ ሳምንት ያሠሩ፤ ወረቀቱን ይዘው ወደ ሐኪም ሲሄዱ ያለፉት ሦስት ወራት የወር አበባዎ የጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ በቀን ስንት ፓድ እንደለወጡና የሚወስዱትን ማንኛውንም መድኃኒት ጽፈው ይሂዱ።